በባትሪ የሚሠራ ራቼት አመራረጥ

በጋራዥ ውስጥ የሚከናወነው ሥራ በአብዛኛው ብሎን መፍታትና ብሎን ማሰር ነው። ራዲያተር ለማውረድ፣ የፍሬን ሸራ ለመለወጥ ወይም የሞተር ክዳን ለመክፈት በቅድሚያ ክፍሎቹን አያይዘው የያዙት ብሎኖችና ዳዶዎች መፈታት አለባቸው፤ ሥራው ሲያልቅም እነዚያው ብሎኖች ወደየቦታቸው መመለስ ይኖርባቸዋል። የአንድ መካኒክ ጊዜና ጉልበት በብዛት የሚያልቀው በዚሁ ነው። ይህን ድካም ለመቀነስ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ተፈልስፈዋል። ከእነዚህም አንዱ በባትሪ የሚሠራው ራቼት ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሳይጠና ከተገዛ ወይ ከሣጥን ሳይወጣ ይቀራል፣ ወይ ብሎን እየሰበረ ባለንብረቱን ያከስራል፤ በአግባቡ ካልተሠራበት ደግሞ በተሽከርካሪው የሚሳፈሩትን ሰዎች ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። በመሆኑም ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ይገባዋል።

ራቼት ማለት ብሎንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞር መፍቻ ነው። በተራው ቁልፍ ብሎን የሚፈታ ሰው ቁልፉን ጥቂት ካዞረ በኋላ ከብሎኑ ራስ ላይ አውጥቶ እንደገና ማግባት አለበት። በራቼት ግን ይህ አያስፈልግም። በራቼቱ ራስ ውስጥ ባለጥርስ ክብ ብረትና በጥርሶቹ መካከል የምትገባ ትንሽ መቀርቀሪያ ይገኛሉ። እጀታው ወደ አንድ ወገን ሲገፋ መቀርቀሪያዋ ጥርሱን ስለምትይዝ ብሎኑ አብሮ ይዞራል፤ እጀታው ሲመለስ ግን መቀርቀሪያዋ በጥርሶቹ ላይ እየተንሸራተተች ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ብሎኑም ባለበት ይቆያል። አቅጣጫውን ለመለወጥ፣ ማለትም ከመፍታት ወደ ማሰር ለመሸጋገር፣ በራሱ ላይ ያለችውን መለወጫ ማዞር ብቻ በቂ ነው። በራቼቱ አራት ማዕዘን ጫፍ ላይ እንደ ብሎኑ መጠን እየተለዋወጠ የሚሰካው ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ቡሶላ ይባላል። እንዲህ ያለው መፍቻ በአሜሪካ፣ በቬርሞንት፣ ጄ. ጄ. ሪቻርድሰን በተባለ ሰው ስም እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቷል።

የእጅ ራቼት ሥራን እጅግ ያቃልላል፤ ሆኖም በጠባብ ቦታ ላይ ጊዜ ይፈጃል። ለምሳሌ ጥርሱ 30 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ቢወሰድ፣ ይህ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር የሚጓዘው 1 ሚሊሜትር ስለሆነ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ 30 ጊዜ መዞር አለበት። ቦታው ጠቦ እጀታው በአንድ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ የማይንቀሳቀስ፣ ብሎኑም በዝገት ምክንያት በጣት የማይዞር ቢሆን፣ ለአንድ ሙሉ ዙር 18 ግፊት፣ ለ30 ዙር ደግሞ 540 ግፊት ያስፈልጋል ማለት ነው። በደቂቃ 200 ጊዜ የሚዞር፣ በባትሪ የሚሠራ ራቼት ግን ይህንኑ ሥራ በ9 ሴኮንድ ይፈጽመዋል። ከሞተር አጠገብ ተጎንብሶ ወይም ከተሽከርካሪ ሥር ተጋድሞ ለሚውል ሠራተኛ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

በኃይል የሚሠራ ራቼት መጀመሪያ በጋራዦች የታወቀው በታመቀ አየር የሚሠራው ነው። እርሱ ግን የአየር መጭመቂያ መኪና፣ ረጅም ጎማና ዘወትር የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ መሥመር ይፈልጋል። ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በባትሪ የሚሠራ መብሻ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ያለ ገመድ የሚሠሩ መሣሪያዎች መንገድ ተከፈተ። የዚያን ዘመን ባትሪዎች ግን ከባድና ቶሎ የሚደክሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ይህ ባትሪ በክብደቱ ልክ ሲታይ ከቀደሙት የበለጠ ኃይል ስለሚይዝ፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ እጀታ ያለው ራቼት ለመሥራት አስችሏል።

መሣሪያን የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በባትሪ የሚሠራው ራቼት ዋና ጥቅሙ ፍጥነት እንጂ ጉልበት አለመሆኑ ነው። ብሎንን የሚያዞረው ኃይል የመጠምዘዝ ኃይል ይባላል፤ የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ የ200 ኒውተን ግፊት ቢያርፍ በብሎኑ ላይ የሚደርሰው 50 ኒውተን ሜትር ነው፤ እጀታው 50 ሴንቲሜትር ቢሆን ደግሞ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በጋራዥ የተለመዱት ባለ 12 ቮልት ራቼቶች በአብዛኛው ከ40 እስከ 80 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። አንድ ባለ 6 ሚሊሜትር የሞተር ክዳን ብሎን የሚታሰረው በ10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ካንዴላ ደግሞ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ለእነዚህ ራቼቱ ከበቂ በላይ ነው። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል የጎማ ዳዶ ግን በአብዛኛው ከ100 ኒውተን ሜትር በላይ ይታሰራል፤ የከባድ መኪና ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የጎማ ዳዶ ለመፍታት ራቼት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው አውሎታል። ለዚያ ሥራ ረጅም እጀታ ያለው የጎማ መፍቻ ወይም እየመታ የሚያዞር ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልጋል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ምርጫው በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ይመሠረታል።

አንደኛው የራቼቱ አራት ማዕዘን ጫፍ ስፋት ነው። ጫፉ ሩብ ኢንች፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ወይም ግማሽ ኢንች ሊሆን ይችላል። የሩብ ኢንቹ ለትንንሽ ብሎኖችና ለመኪናው ውስጣዊ ክፍል፣ የግማሽ ኢንቹ ለትልልቅ ብሎኖች ይስማማል። ሦስት ስምንተኛው በመካከል ስለሚገኝ በአውቶሞቢል ሞተር ላይ የሚያጋጥሙትን አብዛኞቹን ብሎኖች ይደርሳል። ከዚህም ጋር መካኒኩ አስቀድሞ ያሉት ቡሶላዎች ስፋታቸው ስንት እንደሆነ ማየት አለበት፤ አለዚያ ራቼቱን ከገዛ በኋላ ቡሶላዎቹን እንደ አዲስ ለመግዛት ይገደዳል።

ሁለተኛው የራሱ ውፍረትና የእጀታው ርዝመት ነው። ራቼት የሚፈለገው ሌላ መሣሪያ በማይገባበት ቦታ ነውና ራሱ ወፍራም ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል። ገዢው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የኃይል መጠን ብቻ አይቶ ትልቁን ቢመርጥ፣ መሣሪያው ብርቱ ሆኖ ሳለ ከብሎኑ ዘንድ የማይደርስ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የባትሪው ቮልት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዱ የሊቲየም አዮን ሴል በመደበኛ አቆጣጠር 3.6 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሦስት ሴሎች ሲቀጣጠሉ 10.8 ቮልት፣ አምስት ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ሴሎቹ ገና ከቻርጀር እንደወጡ ቮልታቸው ከፍ ስለሚል አንዳንድ ኩባንያዎች የመጀመሪያውን 12፣ ሁለተኛውን 20 ብለው ይጽፉታል። ስለዚህ 20 ቮልት የተባለው ከ18 ቮልት ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን የሚታወቀው ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ በማባዛት ነው። 10.8 ቮልትና 2 አምፒር ሰዓት የሆነው 21.6 ዋት ሰዓት፣ 18 ቮልትና 5 አምፒር ሰዓት የሆነው ደግሞ 90 ዋት ሰዓት ይይዛል። ትልቁ ባትሪ ረጅም ጊዜ ያሠራል፤ ነገር ግን ክብደቱ እጅን ያደክማል፤ በጠባብ ቦታም አይመችም።

አራተኛው የባትሪው ዝምድና ነው። የአንዱ ኩባንያ ባትሪ በአብዛኛው ለሌላው ኩባንያ መሣሪያ አይሆንም። መካኒኩ መብሻ ወይም ሌላ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ካለው፣ በዚያው ባትሪ የሚሠራ ራቼት ቢገዛ የባትሪና የቻርጀር ወጪ ይተርፍለታል። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሚገዛ ሰውም ከዚያ በኋላ የሚገዛቸውን ሁሉ አብሮ እየመረጠ መሆኑን ማሰብ አለበት።

አምስተኛው የቻርጀሩ ጉዳይ ነው። ይህ በተለይ በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች መሣሪያ ለሚላክላቸው ሰዎች ትልቅ ቁም ነገር ነው። በኢትዮጵያ የቤትና የጋራዥ መሥመር 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር በቀጥታ በ220 ቮልት መሥመር ላይ ቢሰካ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ በቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ካልተስማማም ለ220 ቮልት የተሠራውን መፈለግ ያሻል። ከዚህም ሌላ በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ ከመሣሪያው የተለየ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድለትም።

ከእነዚህ በተጨማሪ ፍጥነቱ በጣት ግፊት ልክ የሚጨምርና የሚቀንስ ማስነሻ፣ ካርቦን የሌለው ሞተርና ጨለማ ቦታ የሚያበራ ትንሽ አምፑል ቢኖሩት መልካም ነው። ካርቦን የሌለው ሞተር የሚያልቅ ካርቦን ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል፤ ባትሪውንም ይቆጥባል። መለዋወጫው በአቅራቢያ መገኘቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መልካም መሣሪያ መምረጥ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አጠቃቀሙም መታወቅ አለበት። በጣም የጠበቀ ብሎን ሲፈታ በመጀመሪያ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ በእጅ ማላላት፣ ከዚያ በኋላ በራቼቱ ማዞር ይገባል። ብሎኑ በድንገት እንቢ ሲል የራቼቱ እጀታ ራሱ ወደ ኋላ ስለሚዞር፣ የሠራተኛው ጣት በእጀታውና በሞተሩ ብረት መካከል ተይዞ ሊጎዳ ይችላል። ብሎን ሲታሰር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዙሮች በጣት መዞር አለባቸው። በጠማማው የገባ ብሎን በእጅ ሲዞር ወዲያው ይታወቃል፤ በሞተር ኃይል ሲዞር ግን ሳይታወቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በ9 ሴኮንድ የተገኘው ትርፍ ጥርስ እንደገና ለማውጣት በሚፈጀው ሙሉ ቀን ይጠፋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻውን ማጥበቅ ለራቼቱ መተው አይገባም። በራቼቱ ላይ የተጻፈው የኃይል መጠን ከፍተኛው ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ብሎን የሚመጥነው አይደለም። ከመጠን በላይ የታሰረ ትንሽ ብሎን ይለጠጣል፤ ወይም ይቆረጣል። ከመጠን በታች የታሰረ ደግሞ በመንገድ ንቅናቄ እየላላ ይሄዳል። የፍሬን ክፍል ብሎን በቁልቁለት መንገድ ላይ ቢላላ የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ስለዚህ ብሎኑን በራቼት እስኪነካ ካደረሱ በኋላ የመጠምዘዝ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ፣ የተሽከርካሪው መጽሐፍ ባዘዘው መጠን በእጅ ማጥበቅ የመካኒክ ግዴታ ነው።

በአጠቃላይ በባትሪ የሚሠራ ራቼት የሠራተኛውን ድካም ይቀንሳል እንጂ እውቀቱን አይተካም። መሣሪያውን የሚመርጠው ሥራው ነው። ምን ዓይነት ብሎን፣ በምን ዓይነት ቦታ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈታ ያወቀ ሰው ከብዙዎቹ መካከል የሚስማማውን ለመለየት አይቸገርም፤ ይህን ያላወቀ ግን ውዱን መሣሪያ ይዞም ቢሆን ብሎን መስበሩ አይቀርም።

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል መልሱ።
1. ተራ ቁልፍና ራቼት በምን ይለያያሉ?
2. የጎማ ዳዶ ለመፍታት ባለ 12 ቮልት ራቼት መግዛት የማይገባው ለምንድን ነው?
3. 18 ቮልት የተባለው ባትሪና 20 ቮልት የተባለው ባትሪ እንዴት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ?
4. ብሎን ሲታሰር የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በጣት እንዲዞሩ የሚደረገው ስለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች ፍች ከምንባቡ ከተረዳችሁ በኋላ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
መቀርቀሪያ፣ የመጠምዘዝ ኃይል፣ ያለቦታው፣ ይለጠጣል፣ ቁም ነገር

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን አንድ የእጅ መሣሪያ መርጣችሁ አሠራሩን፣ ጥቅሙንና አመራረጡን የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።