ግድግዳ ላይ ሥዕል ለማሳል ላሰባችሁ የመቱና የአካባቢው ነዋሪዎች

መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ ወይም ያዮ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ ባዶውን የመንገድ ዳር ግድግዳ አይታችሁ «እዚህ ላይ ጥሩ ሥዕል ቢሳልበት» ብላችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚያስወጣ እንይ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የትምህርት ቤት ግቢ የገባ ሁሉ ግድግዳ ላይ የተሳለ ካርታና የሰው አካል ክፍል አይቷል። ሥጋ ቤቱ በሬውን በር ላይ ያሳላል። የጣና ገዳማትና የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ማንበብ ለማይችል ምእመን ታሪክ ሲነግሩ ኖረዋል። በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ግድግዳ መፈክር ይጻፍበት ነበር። አሁን የምንነጋገርበት ከነዚህ በአንድ ነገር ይለያል፤ ምን ይሳል የሚለውን የሚወስነው የከተማው ሰው ራሱ ነው።

የግድግዳ ሥዕል በእርግጥ ከተማን ያነቃቃል ወይ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ካናዳ ውስጥ ነው። በቫንኩቨር ደሴት ላይ ቼሜነስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሕዝቧ የሚተዳደረው በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ተሳሉ፤ በዓመቱ ፋብሪካው ተዘጋ። የተሳለው የእንጨት ቆራጮቹና የቀደምት ነዋሪዎቹ ታሪክ ነበር። ያንን ለማየት እንግዳ ይመጣ ጀመር፤ ከተማዋም ዛሬ የምትታወቀው በሥዕሎቿ ነው።

ይህን ሰምታችሁ ግን የቱሪስት ገንዘብ አትቁጠሩ። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለአንድ ግድግዳ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣ ሰው የለም። የሶር ፏፏቴን ለማየት የመጣ እንግዳ ከተማው ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ትርፍ ነው። ዋናው ተመልካች በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው ነዋሪ ነው። በእኔ አስተያየት ኩራቱ የሚመጣውም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን፣ ሽማግሌውና ወጣቱ ተቀምጠው «የእኛ ታሪክ የቱ ነው?» ብለው ሲከራከሩ ነው። ስለዚህ ያንን ክርክር በጥድፊያ አትዝለሉት።

ምን ይሳል? ኢሉባቦር ታሪክ አልቸገረውም። ባሮ ወንዝ ላይ ያለው ጋምቤላ የንግድ ወደብ በነበረበት ዘመን፣ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ጎሬ ራሷ ጣሊያን አዲስ አበባን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ለጥቂት ወራት የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆናለች፤ መሪዎቹ ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እዚያ ነበሩ። የያዮ ደን በውስጡ የዱር ቡና ስላለ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ማለት ደኑ እየተጠበቀ፣ በዙሪያው ያለው ሰውም እየተጠቀመበት የሚኖርበት ቦታ ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ብቻ እንኳ ጥሩ ሥዕል ይወጣዋል። በሥልጣን ላይ ያለን ሰው መልክ ግን አታሳሉ። ሹመት ሲቀየር ግድግዳውም ይቀባል።

አሁን ወደ ትልቁ ጠላት እንምጣ፤ ዝናቡ። ኢሉባቦር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ግድግዳን የሚያበላሸው ደግሞ ከላይ የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም። ከመሠረቱ ሥር ያለው እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው ቀለሙን ከኋላ ገፍቶ ይልጠዋል። ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ያ ጨው ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ተዉት።

ጥሩ ግድግዳ ቆርቆሮው ወጣ ብሎ የሚከልለው፣ ከሥሩ የውሃ መሄጃ ቦይ ያለው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ልስኑ አዲስ ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ።

ቤቱ የጭቃ ቢሆንስ? በከተሞቻችን ብዙው ቤት የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ እርጥበት ባየ ቁጥር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በቀጥታ ከመቀባት ይልቅ ሥዕሉን ዝገት መከላከያ በተቀባ ላሜራ ላይ ሠርቶ ግድግዳው ላይ መስቀል ይሻላል። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ሥዕሉ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል።

የትኛው ቀለም? ብዙ ሰው የዘይት ቀለም ይመርጣል፤ ያብረቀርቃል፣ ይታጠባል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ይቋጥራል። ለልስን የሚሻለው በውሃ የሚቀጥነው ለውጭ ግድግዳ የተሠራ ፕላስቲክ ቀለም ነው። ስለ ቀለም ዓይነትም አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ ደማቅ ቀይና ሮዝ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል። የአፈር ቀለሞች፣ ማለትም ቡናማ፣ ሸክላማና ቢጫማ፣ የብረት ኦክሳይድ ስላላቸው ይቆያሉ። የኢሉባቦርን አፈር ቀይ ያደረገውም ይኸው ነው።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ሠርቶ ያሳያችኋል። ከተስማማችሁ ወረቀቱን በትናንሽ ካሬዎች ይከፍለዋል፤ ግድግዳውንም በገመድና በከሰል በትልልቅ ካሬዎች ይከፍላል። ከዚያ ካሬ በካሬ ያዛውራል። በዚህ ዘዴ የታፔላ ጽሑፍ የሚሠራ የከተማችሁ ወጣትና የትምህርት ቤት ልጆችም ሊያግዙ ይችላሉ።

ወጪውስ? ርዝመቱ 10፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 30 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥር ለሚቀባው ማሰሪያ ቀለም (ፕራይመር) 4 ሊትር፣ ሁለት ጊዜ ለሚቀባው ነጭ መደብ 7 ሊትር፣ ለሥዕሉ 7 ሊትር ያህል፣ በላዩ ለሚቀባው ቫርኒሽ 4 ሊትር ያዙ። በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ጋሎን ነው። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቢያንስ ከሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ግን ትልቁን ገንዘብ የሚበላው ቀለሙ አይደለም። የሠዓሊው ድካም፣ የልስን ጥገናውና ከባሕር ዛፍ የሚሠራው ረብራብ ይበልጣሉ። ሠዓሊ በነፃ አታሠሩ፤ በነፃ የተሠራ ሥራ ለጥገና ማንም አይመለስበትም። ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ አንድ አሥረኛውን ለጥገና አስቀምጡ። መዋጮ ለመጠየቅ የቡና ገንዘብ የሚገባበት ወቅት ይመረጣል፤ እድሩም ያግዛል።

ፈቃድ አትርሱ። ከግድግዳው ባለቤት በጽሑፍ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደግሞ መንገድ ማስፋፊያ ወይም የኮሪደር ልማት ያንን ግድግዳ እንደማይነካው ጠይቃችሁ ያዙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ለሠዓሊው ስለ ሥራው መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ስሙ ከሥር ይጻፍ፤ ሥዕሉን በሌላ ቦታ ለመጠቀምም ከእሱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

ዘንድሮ ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ግድግዳውን በክረምት ምረጡ፤ የትኛው እንደሚያፈስ የሚታየው ያኔ ነው። ልስኑን በጥቅምት መጨረሻ አስጠግኑ፤ ቀለሙን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ አስቀቡ። በአንድ ግድግዳ ብቻ ጀምሩ፤ ሁለተኛው የሚወሰነው የመጀመሪያው አንድ ክረምት ከቆየ በኋላ ይሁን።