ወደ ባሕር የሚለቀቅ ውሃ ከንቱ አይደለም
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ወንዝ ወደ ባሕር ሲፈስ ባየን ጊዜ «ይህ ሁሉ ውሃ በከንቱ ሲሄድ!» ብለን ማዘናችን የተለመደ ነው። በእርግጥም መስኖና መብራት ለሚያሻው አገር ወንዝን መገደብ ተገቢ ሥራ ነው። ነገር ግን ከግድቡ በታች ያለው ሕዝብ ከዚያው ውሃ ምን ያገኝ እንደ ነበረ አስቀድሞ ካልተጠየቀ፤ በአንድ እጅ የገባው ጥቅም በሌላው እጅ መውጣቱ አይቀርም። ለዚህም የምዕራብ አፍሪካው የሴኔጋል ወንዝ ማስረጃ ይሆነናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ወንዝ ከጊኒ ደጋ የሚነሡትን ውሆች ሰብስቦ 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፤ በሞሪታንያና በሴኔጋል ወሰን አቅራቢያ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ወንዝ ወደ ባሕር ሲቃረብ ጉዞው ስለሚዘገይ፤ ያመጣውን ደለል እየጣለ ሰፊ ሜዳ ይሠራል፤ ይህም ዴልታ ይባላል። በክረምት ሙላት ሜዳው በጣፋጭ ውሃ ይሸፈናል፤ በበጋ ሙላቱ ሲጎድል የባሕሩ ጨው ውሃ በተራው ይገባል። የዓሣው መራባት፤ የከብቱ ግጦሽና የወፎቹ መኖሪያ የቆመው በዚህ መፈራረቅ ላይ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት ጽኑ ድርቅ ስለ ደረሰ፤ ማሊ፤ ሞሪታንያና ሴኔጋል ወንዙን በኅብረት ለማልማት ተስማሙ። በ1986 ከወንዙ አፍ አጠገብ የዲያማ ግድብ ተፈጸመ። ዓላማው የባሕሩ ጨው ወደ ላይ እንዳይወጣና ለሩዝ እርሻ የሚሆን ውሃ እንዲጠራቀም ነበር። ሆኖም ከግድቡ በታች በሞሪታንያ በኩል ያለው ዴልታ ሙላቱ ቀረበት። አፈሩ ጨው ሆነ፤ ሣሩ ደረቀ፤ ዓሣው መራቢያ አጣ። ነዋሪውም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ተሰደደ።

በ1991 የሞሪታንያ መንግሥት በዚሁ ስፍራ 16,000 ሄክታር መሬት ከልሎ የዲያውሊንግ ብሔራዊ ፓርክን አቋቋመ። ነዋሪዎቹ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብለው በጥርጣሬ ተመለከቱት። የፓርኩ ሠራተኞችና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን ሕዝቡን ማማከር መረጡ። የአፈር ክትሮችና የሚከፈቱ የሚዘጉ የውሃ በሮች ተሠሩ፤ ከ1994 ጀምሮም በልክ የተመጠነ ሙላት ወደ ሜዳው ተለቀቀ።

ከባዱ ሥራ በሩን መሥራቱ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈት መወሰኑ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ውሃው እንዲቆይለት ይፈልጋል፤ ከብት አርቢው ግጦሽ እንዲያገኝ ሜዳው እንዲለቀቅለት ይሻል፤ ከሣር ምንጣፍ የሚሠሩት ሴቶች ደግሞ ሣሩ በጊዜው እንዲደርስላቸው ይለምናሉ። ስለዚህ የባለሙያው ስሌትና የነዋሪው ልምድ ተገናዝቦ የሙላቱ መጠንና ወራት ተወሰነ።

ፍሬውም ብዙ አልዘገየም። በ1992 ከ1,000 ኪሎ በታች የነበረው የዓሣ ምርት በ1998 ወደ 113,000 ኪሎ ደረሰ። በ1992 ተቆጥረው 2,000 ያህል የነበሩት የውሃ ወፎች በ1998 ከ35,000 በለጡ። ሣሩም ስለ ተመለሰ ሴቶቹ ምንጣፋቸውን እየሠሩ መሸጥ ቻሉ።

ይህ ማለት ችግሩ ሁሉ ተወገደ ማለት አይደለም። ጣፋጭ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በሚተኛበት ስፍራ ፊላ እየበዛ ቦዮቹን ይዘጋል። ክትሩም በሩም የዘወትር ጥገና ይፈልጋል። ሙላቱን ተፈጥሮ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘብና ትጋት ይጠይቃል።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፤ ከእናንተ መካከል የውሃ ሥራ ፕላን በጠረጴዛው ላይ የሚያልፍ ብዙ ነው። ፕላኑ ስንት ሄክታር እንደሚያጠጣና ስንት ኪሎዋት እንደሚያመነጭ ይነግራችኋል። ከግድቡ በታች ስንት መረብ፤ ስንት መንጋና ስንት የምንጣፍ ሠሪ እጅ ሥራ እንደሚፈታ ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ይህን መጠየቅ የሥራችሁ ድርሻ ነው።