ከረጢት የሚጠቀም ህመምተኛ ምን ይብላ?



የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የሚወራ እንጂ በግልጽ የማይጠየቅ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም በቀዶ ሕክምና ሆዳቸው ላይ የሰገራ መውጫ የተከፈተላቸውና ከረጢት የሚጠቀሙ ወገኖቻችን አመጋገብ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና በአንጀት መጠምዘዝ፣ በካንሰር፣ በአደጋ ወይም በሌላ የአንጀት ሕመም ምክንያት ሊደረግ ይችላል። ለአንዳንዱ መውጫው ጊዜያዊ ነው፤ ከወራት በኋላ ይዘጋል። ለሌላው ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው።

በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ከህሙማኑና ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ስነጋገር ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። “አንጀቴ ይዘጋብኛል፣ ከረጢቱ ሰው ፊት ይሞላብኛል” በሚል ስጋት ምግባቸውን እየቀነሱ ሄደው በመጨረሻ ነጭ ሩዝና ሻይ ላይ ይቀራሉ። ለጁሙዓ ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ምንም የማይቀምሱም አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለሽ አይደለም፤ የአንጀት መዘጋት እውነተኛ አደጋ ነው። ይሁን እንጂ ከቀዶ ሕክምና የተነሳ ሰውነት ቁስሉን የሚጠግነውና ጉልበቱን የሚመልሰው በተለያየ ምግብ ነው። ስለሆነም መፍትሔው ምግብን መተው ሳይሆን አዘገጃጀቱንና አበላሉን መለወጥ ነው።

በቅድሚያ የመውጫውን ዓይነት እንወቅ

መውጫው ከትልቁ አንጀት የተከፈተ ከሆነ “ኮሎስቶሚ” ይባላል። ትልቁ አንጀት ውሃ የሚመጥ በመሆኑ የሚወጣው ሰገራ ጠጠር ያለ ነው። እነዚህ ህሙማን ካገገሙ በኋላ አብዛኛውን የቤተሰቡን ምግብ መመገብ ይችላሉ። በብዛት የሚያስቸግራቸው ድርቀት ስለሆነ አትክልትና በቂ ውሃ ይጠቅማቸዋል።

ከትንሹ አንጀት መጨረሻ የተከፈተው ደግሞ “ኢሊዮስቶሚ” ይባላል። ምግቡ በትልቁ አንጀት ስለማያልፍ የሚወጣው ፈሳሽ ወይም እንደ ገንፎ የላላ ነው፤ መጠኑም በአብዛኛው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይደርሳል። በምግብ የመዘጋት አደጋ ይበልጥ የሚያሰጋው እነዚህን ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ለምን ይዘጋል?

አንጀቱ ወደ ውጭ ሲወጣ የሆድን ጡንቻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ያ ቦታ ጠባብ ነው። በደንብ ያልተፈጨ ልጣጭ፣ ፍሬና ቃጫ አንድ ላይ ተጠቅልሎ እዚያ ሲደርስ እንደ ውታፍ ይይዛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 6 እስከ 8 ሳምንታት አንጀቱ ስለሚያብጥ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ለስላሳና ቃጫው የቀነሰ ምግብ ይመከራል። የውስጥ ጠባሳና በመውጫው አካባቢ የሚፈጠር እብጠትም አንጀትን ሊዘጉ ይችላሉ። በመሆኑም እየተጠነቀቀ የተዘጋበትን ህመምተኛ “ምን በልተህ ነው?” እያሉ መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ምግብ ለምታዘጋጁ እህቶችና እናቶች

ደግነቱ የአገራችን ወጥ ቤት መክካት፣ መፍጨትና መላጥ ያውቅበታል።

1. ጥራጥሬ፦ ሽሮ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ስለሆነ ተስማሚ ነው። አተር ክክና የተከካ ምስርም በደንብ ሲበስሉ ጥሩ ናቸው። ንፍሮ፣ ድፍን ባቄላና ሽምብራ ግን ልጣጫቸው አይፈጭም። ጥራጥሬ ጋዝ ስለሚያበዛ በትንሹ ጀምሩ።

2. አትክልት፦ ጎመን ግንዱና ጅማቱ ወጥቶ በደቃቁ ይከተፍ፣ እስኪልም ይብሰል። ካሮት፣ ድንችና ዱባ ተልጠው ይቀቀሉ። ቲማቲም ቆዳውና ፍሬው ይውጣ። ጥሬ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆዩ። ቀይ ሥር የሚወጣውን ሰገራ ስለሚያቀላ ደም መስሏችሁ አትደንግጡ።

3. ፍራፍሬ፦ ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ ለስላሳ ናቸው። ማንጎ ቃጫው ይጥለል። ብርቱካን በገለፈቱ ከሚዋጥ ተጨምቆና ተጠልሎ ይጠጣ። ተምር ፍሬውና ቆዳው ወጥቶ፣ ተፈጭቶ በጥቂቱ ይወሰድ።

4. ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል፦ ለጥገና ዋነኞቹ ናቸው። ሥጋው ጅማቱ ወጥቶ ይፈጭ ወይም እስኪፈራርስ ይቀቀል። እንቁላልና ዓሣ ሽታ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ጉዳት ግን የላቸውም።

5. እህል፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ የአጃ ሾርባና ገንፎ ይስማማሉ። ሩዝ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች የቀጠነውን ሰገራ ያወፍራሉ።

ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ይበልጥ ሊጠነቀቃቸው የሚገቡት ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ድፍን ለውዝ፣ ኮኮናት፣ እንጉዳይና ዘቢብ ናቸው። ለውዝ ያማረው በቅቤ መልክ የተፈጨውን ይውሰድ። ተልባም ተፈጭቶና ተጠልሎ እንጂ ከነገለባው አይጠጣ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የተዋጠው ቅጠልም የማይፈጭ ቃጫ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ህሙማን በፍጹም አይመከርም።

እንዴት ይበላ?

ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ እንደ ገንፎ እስኪልም ድረስ ይታኘክ። ጥርስ የሌላቸው አባቶችና እናቶች ምግባቸው ተፈጭቶ ይቅረብላቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መብላት ይሻላል። አዲስ ምግብ ስትሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። ጥቂት ቅመሱና ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ። ከተስማማ ጨምሩ፤ ካልተስማማ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሞክሩት እንጂ ለዘላለም አትሰርዙት። በደብተር መመዝገብ በጣም ይረዳል።

ለጁሙዓም ቢሆን ጾም ማደር አያስፈልግም። እንዲያውም ባዶ አንጀት ጋዝ ያበዛል። ጠዋት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ጋዝ የሚያበዙትን ጥራጥሬ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርትና የለስላሳ መጠጦች ለሌላ ሰዓት አቆዩ። ከመውጣታችሁ በፊት ከረጢቱን ባዶ አድርጉ። መቆጣጠር የማይቻል ፈሳሽ ላለበት ሰው በፊቅህ የተቀመጠ ማቅለያ አለ፤ የዉዱኡን ዝርዝር ከዑለሞች ጠይቁ።

ውሃና ጨው

በኢሊዮስቶሚ ከውሃው ጋር ጨውም ይወጣል። አፍ መድረቅ፣ የሽንት መጥቆር፣ ማዞርና የጡንቻ መኮማተር የእጥረቱ ምልክቶች ናቸው። የሚወጣው ሲበዛ ንጹህ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መጠጣት አይበቃም፤ ፈሳሹን ይብሱኑ ሊያበዛው ይችላል። ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባችሁ የጨውን መጠን ከሐኪም ጋር ተመካከሩ።

በዚህ ምክንያት ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ረመዳንን ለመጾም መነሳት የለበትም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው ማቅለያ አድርጓል። ሐኪም የፈቀደለትም በኢፍጣር ሰዓት ጾሙን የዋለውን አንጀት በሳምቡሳና በተምር ድንገት አይሙላው፤ በፈሳሽና በሾርባ ይጀምር።

ሲዘጋስ?

የተለመደው ሰገራ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ቆሞ ሆድ በየመሀሉ ሲቆርጥ፣ ሲነፋ፣ መውጫው ሲያብጥ ወይም ቀጭን ውሃ ብቻ እየፈተለከ ሲወጣ መዘጋትን ጠርጥሩ። ውሃ መሰሉን ፈሳሽ ተቅማጥ ነው ብላችሁ የተቅማጥ ማቆሚያ አትውሰዱ።

• ጠጣር ምግብ ወዲያውኑ አቁሙ።
• ጥቂትም ቢሆን የሚወጣ ካለና ማስታወክ ከሌለ ለብ ያለ ሻይ ወይም ውሃ ጠጡ።
• መውጫው ካበጠ ከረጢቱን ቀዳዳው ሰፋ ባለ ቀይሩት።
• በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ በመውጫው ዙሪያ ሆድን በቀስታ ማሸትና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ሊያላቅቀው ይችላል።

ካስታወካችሁ፣ ፈጽሞ የሚወጣ ነገር ከሌለ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም የመውጫው ቀለም ከጠቆረ ምንም ሳትበሉና ሳትጠጡ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላያችሁም እንዲሁ። ሌሊት ነው፣ እስኪነጋ ልታገስ አትበሉ።

የማስቀመጫ መድኃኒት፣ ዘመናዊም ይሁን የባህል፣ በዚህ ሰዓት በፍጹም እንዳትወስዱ። የተዘጋን አንጀት ከኋላ መግፋት አንጀቱን እስከ መቅደድ ሊያደርስ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ቀስ ብለው እንዲሟሙ ተደርገው የተሠሩ አንዳንድ ክኒኖች ሥራቸውን ሳይሠሩ በኢሊዮስቶሚ ሊወጡ ይችላሉ። ከረጢቱ ውስጥ ሙሉ ክኒን ካያችሁ ለፋርማሲስታችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን ፈጭታችሁ አትውሰዱት። መድኃኒት በገዛችሁ ቁጥርም ኢሊዮስቶሚ እንዳላችሁ ለመናገር አትፈሩ። ይህ የሕክምና ጉዳይ እንጂ ነውር አይደለም።

የቤተሰብ አባላትም የህመምተኛውን ሳህን ለይታችሁ ጥግ አታስቀምጡ። ከዚያው ድስት የተላጠውን፣ የደቀቀውንና የላመውን አቅርቡለት፤ ከማዕዱም አትለዩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለህሙማኖቻችን ሙሉ ሺፋእ ይስጥልን። አሚን! ወሰላሙ ዓለይኩም።