በዓይን የታየ ዕቃ ገዢ አያጣም

በስዊድን አገር የኢኬአ ድርጅት መሥራች ኢንግቫር ካምፕራድ የቤት ዕቃ በፖስታ ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎች ዋጋ ለመቀነስ ሲፎካከሩ የዕቃው ጥራት ስለ ወረደ፥ የገዢው እምነት ተጓደለ። ስለዚህ በ1953 እ.ኤ.አ. በኤልምሁልት የዕቃ ማሳያ አዳራሽ ከፈተ። በዚያም ርካሹንና የተሻለውን የልብስ መተኰሻ ጠረጴዛ ጎን ለጎን አኖረ፤ ሕዝቡም በእጁ ዳስሶ ካመዛዘነ በኋላ ዋጋው ከፍ ያለውን መረጠ።

ዛሬም በድርጅቱ መደብሮች ወንበሩ፥ ምንጣፉ፥ መጋረጃውና መብራቱ እንደ ሳሎን ተሰናድተው ይታያሉ፤ ጐብኚውም የቤት አደረጃጀትን ከዚያ ይማራል። ወንበር በወንበር ላይ ደርድሮ ገዢ የሚጠብቅ ባለሱቅም አንዲቱን ማእዘን እንዲሁ ቢያሰናዳና በየዕቃው ላይ ዋጋውን ቢጽፍ፥ ገዢው በዕቃው ውስጥ የገዛ ቤቱን ያያል።