የጓሮ ጎመንና አጋዘን፦ ከሽታ ይልቅ አጥር

ዋሽንግተን ዲሲን ከበው በሚገኙት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉት፣ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከቤታቸው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ይተክላሉ። ውርጭ ካለፈበት ከሜይ ወር አንሥቶ በዚህ ጓሮ የሚለፋውን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ሌሊት ከዛፍ ሥር ወጥቶ ለምለሙን ቅጠል የሚቀነጥሰው ባለነጭ ጭራ አጋዘን ሲሆን፣ ጥንቸል፣ ግራውንድሆግ፣ ሽኮኮና ልዩ ልዩ ነፍሳትም የተረፈውን ይሻማሉ። እነዚህን ለማራቅ በየሱቁ የሚሸጠውና በየሰዉ አፍ የሚነገረው መላ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ የሚጸናው መንገድ በመጀመሪያ ጉዳት አድራሹን ከተወው ምልክት ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎም ለዚያ እንስሳ ዝላይ፣ ቁፋሮ ወይም በረራ የተመጠነ መከለያ ማቆም ነው፤ ሽታና ማስፈራሪያ መከለያውን ያግዙ ይሆናል፣ ሊተኩት ግን አይችሉም።

አጋዘን ለምን በዛ?

አጋዘን በዚህ አካባቢ እንዲህ የበዛው በቅርብ ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሥጋውና ለቆዳው ሲባል ያለ ገደብ ይታደን ስለ ነበር፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በመላው አሜሪካ የቀረው ባለነጭ ጭራ አጋዘን ከ500 ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እየተሻገረ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ግዛቶቹም የአደን ወቅትና መጠን ወሰኑ፤ እንስሳው ከተረፈበት አካባቢ እያመጡም ባለቀበት አረቡት። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። ለዚህ መብዛት ሕጉ ብቻውን ምክንያት አይደለም፤ አጋዘንን ያድኑ የነበሩት ተኩላና ፑማ ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል አስቀድመው ጠፍተዋል፤ በዚያም ላይ አጋዘን ጥቅጥቅ ካለ ደን ይልቅ የደን ጠርዝ፣ ማለትም ዛፍና ገላጣ መሬት የሚገናኙበት ስፍራ፣ የሚስማማው በመሆኑ፣ ቁጥቋጦው ከሣሩ፣ ሣሩም ከጓሮው የተያያዘበት የከተማ ዳር መንደር ለእርሱ ሁነኛ መኖሪያ ሆኗል። እንስቷም በሜይና በጁን ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች።

በዋሽንግተን የሚገኘውን የሮክ ክሪክ ፓርክን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ አጋዘኑ የዛፍ ችግኞችን እየበላ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ስላደረገ፣ ከ2013 ጀምሮ በሠለጠኑ ተኳሾች ቁጥሩን ወደ መቀነስ ገብቷል፤ ሥጋውም ለችግረኞች መመገቢያ ይሰጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ መጠን የታገለውን እንስሳ አንድ የጓሮ ባለቤት በተንጠለጠለ ሳሙና ያባርረዋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

ጉዳት አድራሹን መለየት

አጋዘን እንደ ላምና እንደ ፍየል የሚያመሰኳ እንስሳ ሲሆን፣ በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ የለውም። ስለዚህ ቅጠሉን ነክሶ አይቆርጠውም፤ በታችኛው ጥርሱና በላይኛው ጠንካራ ድዱ መካከል ይዞ ይገነጥለዋል። አጋዘን የበላው የጎመን ግንድ ጫፉ የተተለተለና ያልተስተካከለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥንቸል ግን ከላይም ከታችም ስለታም የፊት ጥርሶች ስላሏት፣ የበላችው ቅርንጫፍ በቢላ የተቆረጠ ያህል ለስላሳና በሰያፍ የተሸለተ ሆኖ ይገኛል። ከፍታውም ያስታውቃል፤ የጥንቸል ጉዳት ከጉልበት በታች የሚቀር ሲሆን፣ አጋዘን ግን አንገቱን ዘርግቶ እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ያለውን ቅጠል ይደርስበታል። በለሰለሰ አፈር ላይ ለሁለት የተከፈለ የሰኮና ዱካ፣ ወይም እንደ ፍየል ያለ በጠጥ ከተገኘ ጥርጣሬ አይኖርም።

ግራውንድሆግ የሚባለው፣ አካሉ ወፍራም፣ እግሩ አጭር የሆነ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ በአንጻሩ በቀን የሚመገብ ሲሆን፣ የባቄላና የጎመን ችግኝ በአንድ ጠዋት እስከ ሥሩ ሊጨርስ ይችላል፤ በመጋዘን ወይም በረንዳ ሥር ትኩስ አፈር የተከመረበት ሰፊ ጉድጓድ ካለ መኖሪያው እዚያ ነው። ችግኙ ሳይበላ ከአፈሩ ወለል ላይ ተቆርጦ የተጋደመ እንደ ሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቆራጭ ትል፣ ማለትም ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ውሎ ሌሊት የሚወጣ የእሳት ራት እጭ፣ እንጂ የአጋዘን አይደለም። በዚህ ጊዜ በየችግኙ ዙሪያ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ የገባ የካርቶን ቀለበት ማቆም ይበቃል።

አጋዘን የሚመርጠውንና የሚተወውን ማወቅም የተከላውን ቦታ ለመወሰን ይረዳል። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ባቄላና የስኳር ድንች ቅጠል ከሚወዳቸው ናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሮዝመሪና ሽታቸው የበረታ ሌሎች ዕፅዋትን ግን ሌላ ምግብ እስካገኘ ድረስ ያልፋቸዋል። ብዙ ሰው ቃሪያ በማቃጠሉ ራሱን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በዋናነት የሚገኘው በፍሬው ውስጥ፣ ዘሩ በተያያዘበት ነጭ ክፍል ላይ ስለሆነ፣ አጋዘን ገና ፍሬ ያልያዘውን የቃሪያ ተክል ጫፍ ያለ ችግር ይቀነጥሳል። እንግዲህ ቃሪያም ከጎመኑ ጋር በአጥር ውስጥ ሊገባ ይገባል።

አጥር

በኢትዮጵያ ገጠር ሰብል ከዝንጀሮ፣ ከጃርትና ከከርከሮ የሚጠበቀው በአብዛኛው በሰው ትጋት ነው፤ ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ሲያስፈልግም ማሳው ዳር ያድራል። በአሜሪካ ከተማ ሌሊቱን ሠርቶ ወይም ለነገ ሥራ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ይህ የማይቻል በመሆኑ፣ የጠባቂውን ሥራ የሚረከበው አጥር ነው።

ጤናማ አጋዘን 2.4 ሜትር ገደማ የሚደርስ አጥር መዝለል ይችላል። ለሰፊ ጓሮ የሚመከረው ቁመት ይኸው የሆነው ስለዚህ ነው። ለዚህም ጥቁር የፕላስቲክ መረብ ወይም የሽቦ መረብ በጠንካራ ቋሚዎች ላይ ይወጠራል። አጋዘን ከመዝለል ይልቅ ሾልኮ መግባትን ስለሚመርጥ፣ የመረቡ ግርጌ ከመሬት ጋር ገጥሞ በካስማ መያዝ አለበት፤ ከላይ 2.4 ሜትር ሆኖ ከታች አንድ ስንዝር ክፍት የሆነ አጥር ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጭን መረብ በጨለማ ስለማይታይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ ጨርቅ በየቦታው ማሰር እንስሳው ሳያየው ገብቶበት እንዳይበጥሰው ይከላከላል።

የቦታ ጥበት ወይም የሰፈር ደንብ ረጅም አጥር ለማይፈቅድለት ሰው የአጋዘንን ጠባይ የሚጠቀሙ ሌሎች መንገዶች አሉ። አጋዘን ከፍታንና ስፋትን በአንድ ጊዜ መዝለል ይከብደዋል፤ ስለዚህ ቁመታቸው ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሆነ ሁለት አጥሮች በመካከላቸው የዚያኑ ያህል ርቀት ተትቶ ጎን ለጎን ቢቆሙ ብዙ ጊዜ ያግዱታል። የሚያርፍበትን ቦታ ሳያይ ደፍሮ ስለማይዘል፣ በውስጡ የማያሳይ የጣውላ አጥር 1.8 ሜትር እንኳ ቢሆን ከመረብ የበለጠ ያስቆመዋል። ጠባብ ስፍራ ውስጥ መግባትም ስለሚፈራ፣ ጥቂት መደብ ብቻ ያላትን ትንሽ ጓሮ 1.5 ሜትር የሚሆን አጥር ብዙውን ጊዜ ሊጠብቃት ይችላል።

ጥንቸልና ግራውንድሆግ ግን በዚህ ሁሉ ሥር ያልፋሉ። ለጥንቸል ቀዳዳው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋ፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት በአጥሩ ግርጌ መጨመር ይበቃል። ግራውንድሆግ ከመቆፈርም በላይ አጥር ላይ ስለሚወጣ ሽቦው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት፤ እንስሳው አጥሩ ሥር መቆፈር ሲጀምር ከታጠፈው ሽቦ ጋር ይጋጫል። የላይኛው ጫፍም ሳይወጠር ወደ ውጭ ቢተው፣ ሲወጣበት እየተወዛወዘ ወደ ኋላ ይጥለዋል።

አጥር የሚታጠርበት ጊዜም ውጤቱን ይወስናል። አጋዘን አንድ ጊዜ የጣመውን ቦታ አስታውሶ ስለሚመለስ፣ ችግኙ ከተበላ በኋላ የሚቆም አጥር የለመደ እንስሳን መታገል ይኖርበታል፤ ይህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። ስለዚህ አጥሩ ከችግኙ መቅደም አለበት።

ሽታና ማስፈራሪያ

የአጋዘን ማባረሪያ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኞቹ በሽታቸው የሚያርቁ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ ደግሞ በጣዕማቸው፣ በተለይም በካፕሳይሲን፣ አፍ የሚያቃጥሉ ናቸው። ከሽታዎቹ መካከል የተሻለ ውጤት የታየበት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። በቤት ለማዘጋጀት አንድ እጅ እንቁላል ከአራት እጅ ውኃ ጋር ተመትቶ፣ የመርጫውን አፍንጫ እንዳይደፍን በወንፊት ተጠልሎ ይረጫል። ሆኖም ጥሬ እንቁላል በሚበላ ቅጠል ላይ መርጨት ለጤና አደገኛ ስለሆነ፣ መረጨት ያለበት በአጥሩና በዙሪያው ባሉ የማይበሉ ተክሎች ላይ ብቻ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል፤ አዲስ የበቀለ ቅጠልም ያልተረጨ በመሆኑ ጥበቃ የለውም።

በከረጢት የሚንጠለጠል የሰው ፀጉር፣ ሳሙና፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና ሌሊቱን ሲያወራ የሚያድር ሬዲዮ አንዳንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ አንዳንድ ጊዜም አይሠሩም፤ አጋዘን ጉዳት ያላደረሰበትን ነገር ፈጥኖ ስለሚለምድ ቢሠሩም አይዘልቁም። ከማስፈራሪያዎቹ ሻል ያለው እንቅስቃሴ ሲሰማ ውኃ የሚረጨው መሣሪያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቦታው በየጊዜው ካልተቀየረ ይለመዳል።

ነፍሳት

አጥር የማያቆመው ትልቁ የጎመን ጠላት ነጯ የጎመን ቢራቢሮ ናት። መገኛዋ አውሮፓ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ በ1860 ገደማ በኩቤክ በኩል ገብታ ተዛምታለች። ዕንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች በቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትልም ቀለሙ ከጎመኑ አረንጓዴ ጋር ስለሚመሳሰል ሳይታይ ቅጠሉን ይበሳሳዋል። ጎመን የሚለማው ለቅጠሉ ስለሆነና ለዚህም ንብ ስለማያስፈልገው፣ ችግኙ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ብርሃንና ዝናብ በሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ዳርና ዳሩን በአፈር መያዝ ቢራቢሮዋን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። ዱባና ዝኩኒ ግን በንብ የሚዳቀሉ ስለሆኑ አበባ ሲያወጡ ጨርቁ መነሣት አለበት።

ትሉ አስቀድሞ ከገባ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን፣ በአጭሩ ቢቲ በመባል የሚታወቀውን ባክቴሪያ የያዘ ርጭት መጠቀም ይቻላል። ባክቴሪያው የሚያመነጨው ፕሮቲን በትሉ አንጀት ውስጥ ሲሟሟ አንጀቱን ስለሚበሳው ትሉ መብላቱን አቁሞ ይሞታል፤ ሰውንና የቤት እንስሳን ግን አይጎዳም። የፀሐይ ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያደክመው ወደ ማታ መረጨት አለበት። በቅጠል ሥር ተጠቅጥቆ የሚገኘው ክሽክሽ ደግሞ በጠንካራ የውኃ ግፊት ታጥቦ ይወርዳል፤ ክሽክሹን ለሚበሉት ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች ሲባል ጠንካራ መርዝ አለመርጨት ይመረጣል።

የጤናና የሕግ ጥንቃቄ

አጋዘን የሚመላለስበት ጓሮ መዥገርም አያጣውም። ጥቁር እግር ያላት መዥገር «ላይም» የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ በሽታው ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ በስፋት ከታየበት ከኮኔቲከት ግዛት የላይም ከተማ ሲሆን፣ አምጪውን ባክቴሪያ ዊሊ በርግዶርፈር ያገኘው በ1982 ነው። መዥገሯ ባክቴሪያውን የምትወስደው በአብዛኛው ከአይጥ ነው፤ አጋዘን ግን ለአካለ መጠን የደረሱትን መዥገሮች እየመገበና ከቦታ ቦታ እያደረሰ ያበዛቸዋል። በሽታው የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ስትቆይ በመሆኑ፣ ከጓሮ የተመለሰ ሰው ገላውን፣ በተለይም ብብቱን፣ ከጉልበቱ ጀርባና የልጆችን ፀጉር ሥር፣ በዚያው ቀን መፈተሽና የተገኘችውን መዥገር በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግቶ ይዞ መንቀል አለበት።

አጋዘንንም ሆነ ሌላ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደል፣ ማጥመድ ወይም ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ መርዝ ማስቀመጥም ለጎረቤት ልጅና ውሻ ጭምር አደጋ ነው። የአጥር ቁመትም በካውንቲው ደንብና በሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊወሰን ስለሚችል፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ይበጃል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽንና የቨርጂኒያ የኅብረት ኤክስቴንሽን አገልግሎት በሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞቻቸው አማካይነት የጓሮ አትክልት ምክር በነፃ ይሰጣሉ፤ የተበላ ቅጠል ፎቶግራፍ ይዞ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል።

በዚህ ዓመት ለጓሮው የሚወጣ ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለአጥርና ለመሸፈኛ ጨርቅ ነው፤ ሁለቱም በአግባቡ ከተያዙ ከዓመት ዓመት ያገለግላሉ፣ የርጭት ጠርሙስ ግን በየዝናቡ ያልቃል። ሁሉንም ማጠር ያልቻለ አንባቢ የጎመኑንና የቃሪያውን መደብ ብቻ ይጠር፤ ሽንኩርቱንና ጤና አዳሙን ከአጥሩ ውጭ ይትከል፤ ይህንንም የመጀመሪያው ችግኝ መሬት ከመንካቱ በፊት ያድርግ።