ከ«ውስጥ መስመር» ባሻገር፦ ድረ ገጽ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ነጋዴ

የካቲት 2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ በአንድ ጊዜ ተዘጉ። ገደቡ የተነሣው ሐምሌ ላይ ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት ቪፒኤን የጫነ ደንበኛ እየተቆራረጠበትም ቢሆን ሲገባ፣ ያልጫነው በር ላይ ቀረ። ሱቁን በቴሌግራም ቻናል ብቻ ያቆመ ነጋዴ ከተከታዮቹ ጋር የሚገናኝበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ተራ ድረ ገጾች ግን እንደወትሮው ይከፈቱ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በራሳቸው የቴክኒክ ብልሽት ለስድስት ሰዓት ያህል ከመላው ዓለም ጠፍተው አምሽተዋል።

ድረ ገጽ ከችግር ሁሉ ያድናል የሚል ግን የለም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ከነጭራሹ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ድረ ገጹም አብሮ ጠፍቷል። ልዩነቱ የባለቤትነት ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የኪራይ ቤት ነው፤ ደንቡን የሚያወጣው አከራዩ ነው።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ነሐሴ 2015 ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ቢሮዎች ካረፉባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ሌላ ግቢውም የከምባታ ዞን መቀመጫ በሆነችው ዱራሜ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ጋር ሆቴሉ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ፣ የቅቤና የቡላ ነጋዴው፣ የባህል ልብስ ሰፊው እየበዛ ሄዷል። አብዛኛው በኢንተርኔት የሚታየው በፌስቡክና በቴሌግራም፣ አሁን አሁን ደግሞ በቲክቶክ ነው። ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። ነጻ ነው፤ ደንበኛውም ያለው እዚያው ነው። ችግሩ የሚመጣው ያ ብቻ ሲሆን ነው። ትናንት የተለጠፈው ዛሬ በሌላ ልጥፍ ሥር ይቀበራል፤ ዋጋ ሲጠየቅ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል መልስ ይመጣል። ጠያቂው ደግሞ መልሱን ሳይጠብቅ ሌላ ሱቅ ይፈልጋል።

ይህን ችግር የሚያቀልለው ድረ ገጽ በዓለም ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ-ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ገጽ አወጣ። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ላይ የጋራ መለያ ያገኘው ግን ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደላት ካካተተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢው ጸሐፊው የተጠቀመበትን ፊደል ካልጫነ የሚያየው የማይነበብ ምልክት ብቻ ስለነበር፣ ብዙዎች የአማርኛ ጽሑፍን እንደ ፎቶ ይለጥፉ ነበር። ምክንያቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አሁንም አለ። የንግዱ ስም፣ ዋጋውና ስልኩ በአንድ ያማረ ፍላየር ላይ ተጽፎ እንደ ፎቶ ይወጣል። ሰው ያነበዋል፤ የፍለጋ መሣሪያ ግን እንደተጻፈ ጽሑፍ አያገኘውም። ለመደወል የፈለገም ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ገልብጦ መምታት ይኖርበታል። በገጹ ላይ በጽሑፍ የሰፈረ ቁጥር ግን ሲነኩት በቀጥታ ይደውላል።

የነጋዴውን ገጽ ማን ይከፍተዋል? የሰፈሩ ሰው ሱቁን ያውቀዋል፤ ከአካባቢው ገጠር ለገበያ የሚመጣውም ጠይቆ ይደርሳል። ድረ ገጽ ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ሩቅ ያለውን ሰው ነው፤ ሀዲያና ከምባታ ደግሞ ሩቅ ያለ ሰው አያጡም። ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ከሁለቱም ዞኖች እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ በጆሃንስበርግ በቀድሞው ጄፒ ጎዳና ዙሪያ ያለው የኢትዮጵያውያን ገበያ በሀዲያና በከምባታ ልጆች የተሞላ ነው። እዚያ ያለው ሰው ለወላጆቹ ቤት ቆርቆሮ ይገዛል፤ ለእናቱ ሶፋ ያሠራል፤ ለሀዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ በዓል በሬ ያስገዛል። ዋጋ የሚጠይቀው በወንድሙ ወይም በጓደኛው በኩል ነው። የቆርቆሮውን ዓይነት፣ ውፍረትና ዋጋ፣ የማድረሻውንም ሒሳብ በጽሑፍ ያስቀመጠ መደብር የዚህን ሰው ግማሽ ጭንቀት ያቀልለታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢትዮጊፍት የተባለው ድረ ገጽ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለበዓል ለቤተሰባቸው በግና ኬክ እንዲልኩ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ፍላጎት ተረድቶ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስም ጥቂት ሠራተኞች ይዞ የተነሣ የጫማ ሥራ ነበር። ከአሮጌ ጎማ ሶልና በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራውን ጫማ በኢንተርኔት ለውጭ ገዢ አቀረበች። ጫማው እንዴት እንደሚሠራና በማን እጅ እንደሚሠራ በግልጽ መነገሩ ከጫማው እኩል ሸጦላታል ማለት ይቻላል። የሀዲያ ባህል ልብስ ሰፊም ሆነ የከምባታ ቡና ነጋዴ የሚነግረው ታሪክ አያጣም።

አሁን ወደ አንድ ገጽ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ልጁ ከዋቸሞ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት የቀረው አባት አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልኩ ሆቴል ይፈልጋል እንበል። የሆቴሉ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ተንሸራታች ፎቶ ነው፤ ቀጥሎ «እንኳን ደህና መጡ»፤ ቀጥሎ ስለ ድርጅቱ ራእይና ተልእኮ ሦስት አንቀጽ። አባትየው የፈለገው ግን ሌላ ነው፦ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ስንት ነው? ሙቅ ውኃ አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል? መኪና የት ይቆማል? ከዩኒቨርሲቲው በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? የሚሠራ ገጽ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች አውራ ጣት ሳይደክም፣ ከላይ፣ ይመልሳል። ከሥራቸው የስልክ ቁጥርና የቴሌግራም መገናኛ ይቀመጣል። ራእይና ተልእኮ ለጨረታ ሰነድ ይሁን።

ዋጋን መደበቅ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ነጋዴው ተፎካካሪ እንዳያይበት ይፈራል፤ ዕቃ በየሳምንቱ ስለሚጨምርም ይሰጋል። ሁለተኛው ስጋት እውነት ነው። የምንዛሪ ተመን ሐምሌ 2016 መገባደጃ ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መፍትሔው ግን ዋጋውን ጽፎ፣ ከጎኑ የታደሰበትን ቀን ማስፈር ነው። «ከዚህ ጀምሮ» ተብሎ የተጻፈ ዋጋ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

ፍለጋ በዚህ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋን አንዱ ሆሳዕና፣ ሌላው ሆሳእና፣ ሦስተኛው ሆሣዕና ብሎ ይጽፋታል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዳንዱ በአንድ ኤስ፣ አንዳንዱ በሁለት ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤን። ሀዲያም በሀሌታው ሀና በሐመሩ ሐ ይጻፋል። በዚህ ላይ የከተማዋ ስም የበዓል ስም ስለሆነ፣ ስሟን ብቻ ጎግል ላይ የጻፈ ሰው የመዝሙርና የስብከት ገጽ ሊጎርፍበት ይችላል። ገጹን የሚሠራ ባለሙያ ይህን ካላወቀ ሥራው ሁሉ ፈላጊ አጥቶ ይቀራል። በርዕሱ ላይ አንዱን አጻጻፍ መርጦ፣ ሌሎቹን በአድራሻው አካባቢ በተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር ማስገባት፣ «ሀዲያ ዞን፣ ኢትዮጵያ» የሚለውንም አብሮ መጻፍ ይረዳል። ገጹ «የቢሮ ወንበር ሆሳዕና» ብሎ ለሚፈልግ ሰው መድረስ ካለበት፣ «ጥራት ያላቸው ምርቶች» የሚል ሐረግ አይበቃም፤ ወንበር የሚለው ቃል ራሱ መኖር አለበት።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ጎግል ማፕ ነው። በነጻ የሚመዘገበው የንግድ መገለጫ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ስልኩንና ቦታውን በካርታ ያወጣል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ ደግሞ የካርታው ነጥብ ትልቅ አገልግሎት ነው። ሆኖም «ጎፈር ሜዳ፣ ከእንዲህ ያለው ባንክ ጀርባ» የሚለውን የሰው ልጅ አቅጣጫ በጽሑፍ ማከል ግድ ነው፤ የባጃጁ ሹፌር የሚረዳው እሱን ነው።

ፎቶ ሌላው ጉዳይ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ፎቶ አንዱ ብቻ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ዐሥሩን እንዳለ የጫነ ገጽ ደንበኛውን 40 ሜጋባይት ያህል ያስከፍለዋል፤ ደንበኛው ደግሞ ፓኬጅ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ነው። ፎቶው ወደ 150 ኪሎባይት ሲጨመቅ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ባለቤቱ ገጹን መሞከር ያለበት በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ አውታረ መረቡ በሚጨናነቅበት የማታ ሰዓት ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የተወሰደ የፈረንጅ ፈገግታም ቦታ የለውም። በራስ መደብር በቀን ብርሃን የተነሣ ተራ ፎቶ እምነትን ይገነባል፤ ይህ ገበያ ከምንም በላይ የተራበው እምነትን ነው።

ቋንቋው እንደ ደንበኛው ይመረጣል። አማርኛ ለብዙው ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ለእንግዳና ለውጭ ገዢ። ሀዲይኛና ከምባትኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ፊደል መጫን አያሻቸውም። በእናት ቋንቋ የተጻፉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጆሃንስበርግ ላለ ሰው የሚናገሩት ብዙ ነው።

ክፍያው ከግንቦት 2013 ወዲህ በእጅጉ ቀሏል። ያኔ ሥራ የጀመረው ቴሌብር ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፤ ኤም-ፔሳም ነሐሴ 2015 ገብቷል። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ደግሞ የባንክና የሞባይል ክፍያን ከድረ ገጽ ጋር ያገናኛሉ። በቀን ሦስት ትእዛዝ ለሚቀበል ሱቅ ግን ይህ ሁሉ ገና አያስፈልግም። በንግዱ ስም የተከፈተ የሒሳብ ቁጥርና የማረጋገጫ ስልክ ለመነሻ ይበቃል። ገንዘቡ መግባቱ የሚታየው ግን በራስ ስልክ በሚመጣ መልእክት ነው፤ ደንበኛው የላከው ስክሪንሾት በቀላሉ የሚቀነባበር ነገር ነው። ሕጉም ተከትሎ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃን ይጠብቃል። የደንበኛን ስምና ስልክ የሚሰበስብ ሱቅ ለምን እንደሚሰበስብ መናገር ይኖርበታል።

ወጪው ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በዶት ኮም የሚያልቅ የድረ ገጽ ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገኛል፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ግን ለሆሳዕና ነጋዴ ከዋጋው የባሰ ፈተና ነው። ለዚህ እንደ «የጋራ ሆስት» ያሉ በብር የሚከፈላቸው የሀገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፤ በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሀገሪቱን ስም የሚያስተዳድረው ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ገጹ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረውና ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ በሚሠሩበት ወርድፕሬስ ሊቆም ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ውሉ ነው። ብዙ ጊዜ የድረ ገጹ ስም የሚመዘገበው ገጹን በሠራው ወጣት ኢሜይል ነው። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የእድሳት ማስታወሻው ለእሱ ይደርሳል፤ በዓመቱ ስሙ ይወድቃል፤ የተሰቀለው ማስታወቂያና የታተመው ካርድ ሁሉ ወደ ባዶ ገጽ ይጠቁማል። ስለዚህ ስሙ በነጋዴው ኢሜይልና ስልክ መመዝገቡ፣ የይለፍ ቃሉም በእጁ መግባቱ ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ይረጋገጥ። ለባለሙያው የሚከፈለው የመጀመሪያ ሥራ ዋጋና በየወሩ ዋጋና ፎቶ ለማደስ የሚከፈለው ተለይተው ይጻፉ።

እድሳቱ በአካባቢው የቀን መቁጠሪያ ቢመራ ይመረጣል። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሆቴሎችን ያጣብባል፤ የመስቀል ሰሞን የቅቤ፣ የቡላና የሰንጋ ገበያ ይደምቃል፤ በከተማ ያሉትም ወደየቤታቸው ይጎርፋሉ። የፍለጋ መሣሪያዎች አዲስ ገጽን አግኝተው ለማውጣት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳሉ። ለመስከረም ገበያ የታሰበ ገጽ ሐምሌ ላይ መውጣት አለበት።