«ደሙ አይቀበለውም» ስለሚባለው ነገር

ኤች አይ ቪ ካለባት ሚስቱ ጋር ብዙ ዘመን ኖሮ በምርመራ ነጻ ሆኖ የተገኘውን ሰው ጎረቤቶቹ «ደሙ አይቀበለውም» ሲሉለት፣ ቫይረሱ ከተገኘበት ዓመታት አልፈው መድኃኒት ሳይጀምር ወዙ ያልተለወጠውንም «የአባቶቹ ደም ብርቱ ነው» እያሉ ሲያደንቁት መስማት የተለመደ ነው። ንግግሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ፍሬ አለው፤ ይሁን እንጂ ፍሬው ከወሬው እጅግ ያነሰ ነው።

ቫይረሱ ወደ ነጭ የደም ሕዋስ ለመግባት አስቀድሞ ሲዲ 4 የተባለውን ተቀባይ ይይዛል፤ ከዚያም ሲሲአር 5 የሚባል ሁለተኛ ደጃፍ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሊቃውንት እንደደረሱበት፣ ይህን ደጃፍ ከሚሠራው ዘረመል ውስጥ 32 ፊደላት የጎደሉበትን ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው ደጃፉ በሕዋሱ ገጽ ላይ ስለማይታነጽለት፣ አብዛኛው የቫይረሱ ዓይነት አይደፍረውም። ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰው ግን በቫይረሱ ይያዛል፤ የሚያተርፈውም ሕመሙ በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል መዘግየቱን ነው። ሁለቱንም የወረሰው ሰው በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች መካከል ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆን፣ በአፍሪካና በእስያ ሕዝብ ዘንድ ግን የለም ለማለት ይቀርባል፤ ስለዚህ ያገራችን ሰው በዚህ ውርስ መመካቱ ባልተጻፈለት ኑዛዜ መመካት ነው። ደጃፉ የሌለውም ቢሆን ሲኤክስሲአር 4 በተባለው ሌላ መግቢያ ከሚጠቀመው የቫይረስ ዓይነት አያመልጥም።

ከላይ ያነሣነው ባል ነጻ ሆኖ መገኘቱ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከደሙ ውጭ ነው፤ ሚስቱ መድኃኒቷን በሥርዓት እየወሰደች ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ፣ በሩካቤ አታስተላልፍምና።

ወደ ሁለተኛው፣ ማለት ደሙ ብርቱ ነው ወደሚባለው ሰው ስንመለስ፣ ምሥጢሩ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ ላይ ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራቸውም በሕዋሱ ውስጥ የተሸሸገውን የቫይረስ ቁራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ለገዳይ ሕዋሳት ማሳየት ነው። ቢ 57 ወይም ቢ 27 የተባለውን ዓይነት የወረሰ ሰው የሚያሳየው ቁራጭ የሚገኘው ከቫይረሱ ውስጠኛ ቅርፊት ነው፤ ይህም ቫይረሱ ራሱን ሳያቆስል ሊለውጠው የማይችለው ክፍል ስለ ሆነ፣ ለማምለጥ ብሎ በለወጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የመራባት ኃይሉ ይደክማል። በአንጻሩ የቢ 35 ወገን ከሆኑት አንዳንዶቹ ደዌውን ያፋጥናሉ። መድኃኒት ካልተወሰደ ከመያዝ እስከ ኤድስ በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ አንዱ በጥቂት ዓመት የሚወድቀው፣ ሌላው 20 ዓመት የሚቆመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በከፊል ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ቢ 57 ይዘው በፍጥነት የታመሙ አሉና፤ በአውሮፓ ተወላጆች ላይ የተደረገው ጥናትም በሰዎች ደም ውስጥ ላለው የቫይረስ መጠን ልዩነት የሰው ውርስ ያስረዳው ሩቡን ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ «ብርቱ ደም ያለው መድኃኒት አያሻውም» የሚለው ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን በገዛ ሰውነታቸው የገቱት ጥቂቶች እንኳ ከውስጥ የሚጨስ የብግነት ሁኔታ እንዳለባቸው ታውቋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሲዲ 4 ያላቸው ነጭ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት እንዲጀምር መክሯል።

ውርሱም ቢሆን ሁልጊዜ ቸር አይደለም። ደዌውን ከሚያዘገየው ከቢ 57 ወገን የሆነው ቢ 57፡01 ያለበት ሰው፣ ለዚሁ ለኤች አይ ቪ የሚታዘዘውን አባካቪር ሲወስድ ትኩሳት፣ ሽፍታና የሆድ ሕመም ሊያስነሣበት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ትቶት እንደገና ቢጀምረው በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርሰው ስለሚችል፣ የደም ምርመራው በሚገኝበት ስፍራ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት ውርሱን ይመረምራሉ።